ጓዴ ባቡር የተሳፈረ ዕለት

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ በዚህ አገር በረት የለም። «የሐዲድ ዳር» በሉኝ፣ እኔም ልቀጥል።

ከአዋሽ ወዲያ፣ ወደ ድሬዳዋ በሚወርደው አሮጌ ሐዲድ ላይ፣ ሦስት ግራር የምትባል ትንሽ ጣቢያ ነበረች። ግራሮቹ እንኳ ሁለት ናቸው፤ ሦስተኛው ድሮ ማገዶ ሆኗል፤ ስሙን ግን የሚቀንስለት ሰው አልተገኘም። በዚያች ጣቢያ ጋሽ ሽብሩ የሚባል ጡረተኛ ይኖር ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሐዲድ ጠብቋል። ሚስቱ አስካለ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል። በቤቱ የቀሩት አንድ አልጋ፣ አንድ ኩባያና አንድ ውሻ ናቸው።

ውሻው ጓዴ ይባላል። ዳማ ነው፣ አንዱ ጆሮው አይቆምም። ጋሽ ሽብሩ ምሳውን ቀምሶ «ጨው በዛ መሰለኝ» ይለዋል፤ ጓዴ ጅራቱን አንዴ መሬት ላይ ይመታል፤ የቀኑ ወሬ በዚያው ያልቃል።

አንድ ሐሙስ ከድሬዳዋ መልእክት መጣ። ልጁ እጥፍወርቅ ሴት ልጅ ወልዳ፣ ሕፃኗ እሑድ ሰማንያ ቀን ልትሞላ ነው። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና እንደሚነሡ ታውቃላችሁ፤ ያ ቀን አይገፋም፣ አይሳብም። መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ «አባዬ፣ በባሌ ወገን ቤቱ ሙሉ ነው። እናቴ የለችም። አንተም ከቀረህ፣ ልጄን በእኔ ወገን ማን ያቅፋታል?»

ባቡር በሦስት ግራር የሚያልፈው ዓርብና ማክሰኞ ብቻ ነው። ዓርብ ያመለጠው፣ እሑድን አያያትም።

ጋሽ ሽብሩ የፈለገው ትንሽ ነገር ነበር፤ ከጓዴ ጋር ባቡር መሳፈር። «ውሻውን እዚያው ትቶት አይሄድም?» ትሉኝ ይሆናል። ለማን ይተወዋል? ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ በመንደሩ ሰው ሞልቷል። እሱ የሚጠይቀው ሰው ነው የጠፋው።

ዓርብ በማለዳ እንስራውን አጥቦ ደፋ፣ ቤቱን ቆለፈ፣ ነጠላውን አጣፋ፣ ጓዴን በገመድ አስሮ ጣቢያ ወረደ። ባቡሩ ስድስት ሰዓት ላይ ገባ። ትኬት ተቆጣጣሪው ቢረሳው ከበሩ ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋ፤ ለትኬቱ ሳይሆን ለመከልከል።

«አባባ፣ ውሻ ያለ አፍ ማሰሪያ አይሳፈርም።»

«አይናከስም እኮ፣ ልጄ።»

«እኔም አልናከስም፤ ይኸው ቆብ አድርገውልኛል። ደንብ ነው።»

ጋሽ ሽብሩ የነጠላውን ጫፍ መቅደድ ጀመረ።

«በጨርቅ አይሆንም፤ ደንቡ ቆዳ ይላል። ግን አይቸኩሉ፣ የጭነቱ ባቡር እስኪያልፍ ቆመናል። እሱ ካለፈ በኋላ አንድ ደቂቃ አልጠብቅም።»

እዚህ ላይ ባቡሩ ለምን እንደቆመ ላስረዳችሁ። ሐዲዱ አንድ ብቻ ነው። የሚወርደውና የሚወጣው መንገድ ላይ ቢገጣጠሙ፣ እንደ ሁለት ወጠጤ ከመዋጋት በቀር ሌላ አማራጭ የላቸውም። ስለዚህ አንዱ ጣቢያ ገብቶ ጎን ባለው ሐዲድ ላይ ይቆማል፣ ሌላውን ያሳልፋል። በዕለቱ የመቆም ተራው የሚወርደው ባቡር ነበር፤ የጭነቱ የሚመጣው ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

እናም ቢረሳው ውሻውን አላሳፍር አለ፤ ሽብሩና ጓዴ ሐዲድ ዳር ቀሩ።

በሦስት ግራር ቆዳ የሚሰፋው ባይሳ ነው። የግመል ኮርቻ ይጠግናል፣ ጫማ ይሰፋል። ጋሽ ሽብሩ ወደ እሱ የሄደው በዋናው መንገድ ሳይሆን በቤቶቹ ጀርባ፣ ቆሻሻ በሚደፋበት በኩል ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ነው የሚሄደው።

«ኧረ ጋሽ ሽብሩ!» አለ ባይሳ ቀና ብሎ። «እንደ ፀሐይ ግርዶሽ ነው የምትታይ። እንዲያው በደህና?»

«ለውሻዬ የአፍ ማሰሪያ ስፋልኝ፣ ባይሳ። አሁን፣ ባቡሩ ሳይሄድ።»

ባይሳ የጓዴን አፍ በጣቱ ለካ፤ ጓዴም ጣቱን ላሰለት። ቆዳውን ቆረጠ። ከዚያ እጁን ወደ ሳጥኑ ሰደደና ባዶውን መለሰው።

«ወስፌዬን ሐሊማ ወስዳለች። ያለ ወስፌ ቆዳ በምን ይበሳል? በጥርሴ?»

እናም ባይሳ ቆዳውን አልሰፋ አለ፤ ቢረሳው ውሻውን አላሳፍር አለ፤ ሽብሩና ጓዴ ሐዲድ ዳር ቀሩ።

ሐሊማ ሰሌን ትሠራለች። በደጃፏ ግማሽ የተሠራ ሰሌን ተዘርግቷል፣ ወስፌው መሐሉ ላይ ተሰክቷል፣ እሷ ግን እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች።

«ሐሊማ፣ ወስፌውን አውሺኝ።»

«ወስፌ? በመጀመሪያ ሰላምታ የሚባል ነገር አለ።»

ጋሽ ሽብሩ አፈረ። «እንዴት ዋልሽ፣ ሐሊማ።»

«አልሐምዱሊላህ። ይኸውልህ፣ ዘንባባው ደረቀብኝ። ሳይርስ ባጥፈው ይሰበራል። ወስፌውን ከነቀልኩት ደግሞ ጠርዙ ተተርትሮ የሦስት ቀን ሥራዬ ገደል ይገባል። አንድ ጀሪካን ውሃ አምጣልኝና ጠርዙን ልዝጋ፤ ወስፌውን ያኔ ትወስዳለህ።»

ውሃ! እንስራውን ማለዳ አጥቦ መድፋቱ ትዝ አለው። ቤቱ ጠብታ የለም።

እናም ሰሌኑ አልታጠፍ አለ፤ ሐሊማ ወስፌውን አልለቅ አለች፤ ባይሳ ቆዳውን አልሰፋ አለ፤ ቢረሳው ውሻውን አላሳፍር አለ፤ ሽብሩና ጓዴ ሐዲድ ዳር ቀሩ።

ለመንደሩ ውሃ የሚያመላልሰው አብዲ ነው፣ በአህያው። አብዲ ከቦኖው አጠገብ፣ በአጥሩ ጥላ ሥር ጋደም ብሏል። ጺሙ በሂና ቀልቷል። አራት ባዶ ጀሪካን ተደርድሯል። አህያው በጎኑ ተኝቷል።

«አብዲ፣ ለሐሊማ አንድ ጀሪካን ውሃ።»

«እኔን ምን ትለኛለህ፣ አህያውን ጠይቀው።»

«አህያውን ምን ብዬ ልጠይቀው?»

«ተነሥ በለው እስቲ። ይነሣ እንደሆነ።»

ጋሽ ሽብሩ ጎንበስ አለ። «ተነሥ» አለው። አህያው አንድ ዓይኑን ገልጦ አየውና መልሶ ከደነው። ጓዴ አሽትቶት አስነጠሰ።

«አየህ?» አለ አብዲ። «ይህ አህያ የሚነሣው ውሃው ጀሪካን ውስጥ ሲንዷለቅ ሲሰማ ነው። ከዚያ በፊት ብትገርፈው፣ ብትለምነው፣ ብትዘፍንለት አይነሣም። ጀሪካኑን ደግሞ እኔ አልሸከምም፤ ወገቤን አውቀዋለሁ።»

«እኔ እሸከማለሁ።»

«ተሸከም፤ ግን ከየት ቀድተህ? ቦኖው ዝግ ነው። ጧት ይከፈታል፣ አስር ሰዓት ይከፈታል። እስከዚያ ቁልፉ ትርንጎ እጅ ነው።»

ቦኖ የማታውቁ ካላችሁ፣ ለሰፈር ሁሉ የሚሆን አንድ የውሃ ቧንቧ ነው፤ ቁልፍ የሚይዝለት አንድ ሰው አለው። በሦስት ግራር ያ ሰው ወይዘሮ ትርንጎ ናት። ጋሽ ሽብሩ ስሟን ሲሰማ ገመዱን በእጁ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመው። ባይሳ ዘንድ ለመሄድ በቤቶች ጀርባ የዞረው፣ በዋናው መንገድ ላይ የእሷ በር ስላለ ነበር።

እናም ቦኖው አልፈስ አለ፤ አህያው አልነሣ አለ፤ አብዲ ውሃ አልቀዳ አለ፤ ሰሌኑ አልታጠፍ አለ፤ ሐሊማ ወስፌውን አልለቅ አለች፤ ባይሳ ቆዳውን አልሰፋ አለ፤ ቢረሳው ውሻውን አላሳፍር አለ፤ ሽብሩና ጓዴ ሐዲድ ዳር ቀሩ።

የትርንጎ በር ክፍት ነበር። እሷ ውስጥ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ጋሽ ሽብሩ ከደጃፉ ሦስት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ፀሐዩ አናቱ ላይ ነው።

«ቤቶች» አለ።

«ማን ነው?» ቀና ብላ አየችው። እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። ከዚያ እንደገና መልቀም ጀመረች።

«ትርንጎ፣ እኔ ነኝ።»

«ትታየኛለህ።»

«ቦኖውን ለአንድ ጀሪካን ብቻ ክፈችልኝ። እጥፍወርቅ ሴት ልጅ ወልዳልኛለች፣ ክርስትናዋ እሑድ ነው። ውሻው ካልተሳፈረ እኔም አልሄድ…»

«ቦኖው አስር ሰዓት ነው የሚከፈት።»

«አስር ሰዓት ባቡሩ የለም!»

«እንኳን ማርያም ማረቻት። ቦኖው ግን አስር ሰዓት ነው።» ጠጠር ከምስሩ አውጥታ ወደ ደጅ ወረወረች፤ ጠጠሩ እግሩ ሥር ወደቀ። «ሽብሩ፣ ይህን ደጅ ታውቀዋለህ እንዴ?»

ጋሽ ሽብሩ ወደ ጠጠሩ አቀረቀረ።

«በልሁ ሲሞት ድንኳን የተጣለው አሁን አንተ የቆምክበት ላይ ነው። ሦስት ቀን። አንድ የአፋር ሽማግሌ እንኳ ግመሉን አስሮ፣ ቋንቋችንን ሳያውቅ፣ ገብቶ አብሮን ተቀምጧል። አንተስ? አሥራ ስምንት ዓመት ከባሌ ጋር አንድ ሐዲድ የጠበቅህ፣ ከአንድ ሞሰብ የበላህ ሰው! በየመጣው ሰው ቁጥር ‘አሁን ሽብሩ ነው’ እል ነበር። የአስካለ ለቅሶ ላይ ድምፄ የተዘጋው ለማን ብዬ ነበር?»

ነገሩ እንዲህ ነበር። አስካለ በሞተች በሃያኛው ቀን በልሁ ሞተ። ጋሽ ሽብሩ ‘እኔ ራሴ ሐዘንተኛ ነኝ፤ ሐዘንተኛ ቤቱ ቢቀመጥ ማን ይታዘበዋል’ ብሎ ቀረ። ይህ ስሕተት ነው። ሐዘን ያለበት ሰው ከደስታ ቤት ቢቀር ይፈቀድለታል፤ ከለቅሶ ቤት ግን አይፈቀድለትም፤ እንዲያውም ቀድሞ የሚጠበቀው እሱ ነው። ይህን የተረዳው ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ነው። ሰባቱ ሲያልፍ ‘በአርባው እሄዳለሁ’ አለ፤ አርባው ሲያልፍ አፈረ፤ ዓመቱ ሲያልፍ መንገድ ቀየረ። እሱ የሰው ደጅ ሲሸሽ፣ ሰውም የእሱን ደጅ ረሳ። ‘ብቻውን መሆን ይወዳል’ ተባለለት። ብቻውን መሆን ግን አይወድም ነበር።

አሁን ከደጃፉ ሦስት እርምጃ ሲቀረው ቆሟል። መግባት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። እግሩ ግን እንደ ሐዲድ ብረት ከመሬቱ ጋር ተጣበቀ።

እናም የሽብሩ እግር የበሩን ደፍ አልሻገር አለ፤ ትርንጎ ቁልፉን አልሰጥ አለች፤ ቦኖው አልፈስ አለ፤ አህያው አልነሣ አለ፤ አብዲ ውሃ አልቀዳ አለ፤ ሰሌኑ አልታጠፍ አለ፤ ሐሊማ ወስፌውን አልለቅ አለች፤ ባይሳ ቆዳውን አልሰፋ አለ፤ ቢረሳው ውሻውን አላሳፍር አለ፤ ሽብሩና ጓዴ ሐዲድ ዳር ቀሩ።

አያችሁ፣ ችግሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ውሎ፣ ዞሮ የገባው ባለቤቱ ቤት ነው። ከእሱ ወዲያ የሚተላለፍለት ሰው የለም።

ከወደ ምሥራቅ፣ ከሩቅ፣ የጭነቱ ባቡር ጥሩምባ ተሰማ። አንድ ጊዜ፣ ረጅም። ጋሽ ሽብሩ ያን ድምፅ ያውቀዋል፤ ከድልድዩ ማዶ ነው፤ የግማሽ ሰዓት መንገድ ቀርቶታል።

ጓዴ ግን ይሉኝታ የሚባል ነገር አያውቅም። ፀሐይ አቃጥሎታል፣ ከፊቱ ጥላ አለ። ገመዱን ስቦ ገባ፤ መደቡ ሥር፣ ቀዝቃዛው መሬት ላይ ሆዱን ዘርግቶ ተኛ።

«ጓዴ! ና ውጣ! ኧረ ይቅርታ…» ጋሽ ሽብሩ ገመዱን ተከትሎ ጎንበስ ብሎ ገባ። ቀና ሲል፣ ግድግዳው ላይ በልሁ አለ። የሐዲድ መፍቻውን በትከሻው ተሸክሞ፣ ዓይኑን ለፀሐይ አጨንቁሮ የተነሣው ፎቶግራፍ ነው። ከፎቶው ጠርዝ ላይ የሌላ ሰው ክንድ ይታያል፤ ሙሉ ሰውዬው አልገባም። ክንዱ የሽብሩ ነው።

መደቡ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ተቀመጠ።

«በልሁ ወንድሜ» አለ።

ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ዘግይቶም ቢመጣ፣ እንደ አዲስ ይለቀሳል። ዓመትም ይለፍ ሁለት፣ ያልወጣ እርም ይወጣል እንጂ አይበሰብስም። ትርንጎ ምስሩን አስቀመጠች። ነጠላዋን አዘቀዘቀች። «በልሁዬ፣ ሽብሩ መጣልህ!» አለችና ድምፅዋን አነሣች። ጋሽ ሽብሩም አለቀሰ፤ ወንድሜ ወንድሜ ሲል ቆይቶ፣ ሳያስበው ከአፉ የወጣው «አስካለ» ሆነ። ትርንጎም ተቀበለችው፤ አስካለን ስሟን እየጠራች፣ ደግነቷን እየቆጠረች አለቀሰችለት። ሁለቱ ሙታን በአንድ ለቅሶ ተለቀሱ። ጓዴ ጆሮውን አንሥቶ አንዱን ያያል፣ ሌላዋን ያያል።

መጀመሪያ ያቆመችው እሷ ናት። ፊቷን ጠረገች።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለ እሱ፣ በሁለት ዓመቱ።

«አንተንም ያጽናህ። ተነሥ በል፤ እኔ ይቅር እላለሁ፣ ባቡር ግን ይቅር አይልም።»

ከዚህ በኋላ ያለውን ቶሎ ቶሎ ነው የምነግራችሁ፤ እነሱም ቶሎ ቶሎ ነው የሠሩት።

የሽብሩ እግር ደፉን ተሻገረ፤ ትርንጎ ቁልፉን አዞረች፤ ቦኖው ፈሰሰ፤ ጀሪካኑ ተንዷለቀ፤ አህያው ተነሣ፤ አብዲ ውሃውን ጫነ፤ ሰሌኑ ረጥቦ ታጠፈ፤ ሐሊማ ጠርዙን ዘግታ ወስፌውን ለቀቀች፤ ባይሳ ቆዳውን ሰፋ። የመጨረሻውን ስፌት የሰፋው ወደ ጣቢያ እየሮጠ ነው፤ ጓዴ ከጎኑ ይሮጣል፣ ጋሽ ሽብሩ ከኋላ ያለከልካል። የሄዱትም በዋናው መንገድ ነው። የጭነቱ ባቡር ምድሩን እያንቀጠቀጠ አለፈ። ቢረሳው ፊሽካውን አፉ ላይ አድርጓል። የአፍ ማሰሪያውን አየ፣ ጎተተው፣ የጓዴን ግንባር መታ መታ አደረገ።

«አሁን ደንብ ሆነ። ከእግርዎ ሥር ይተኛ፣ አባባ።»

እናም ቢረሳው ውሻውን አሳፈረ፤ ሽብሩና ጓዴ ከሐዲድ ዳር ተነሡ።

በሦስተኛ ማዕረግ፣ መስኮት አጠገብ፣ የሽንኩርት ዘንቢል ካቀፈች አንዲት ሴት ፊት ለፊት ተቀመጠ። ጓዴ እግሩ ሥር ተጠቀለለ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ሳይናገር የሚውል አፉ ዛሬ ደርቋል፤ ዓይኑ ያቃጥለዋል። ወደ ውጭ ለማየት ፈራ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሲሸኝ ያየ ሰው ነው፤ ባዶ ጣቢያ ከመስኮት ምን እንደሚመስል ያውቃል።

ባቡሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር መስኮቱ ተንኳኳ። ባይሳ ነው፤ ክር በጥርሱ ይዟል። ከኋላው ሐሊማ በእርጥብ እጇ ታውለበልባለች። አብዲ ከነአህያው መጥቷል። ትርንጎ ከሁሉም በኋላ፣ የቦኖውን ቁልፍ እንደያዘች፣ ከባቡሩ ጋር እኩል እየተራመደች ደረሰች።

«ሽብሩ! ለእጥፍወርቅ ንገራት፣ በእናቷ ፈንታ እኔ አለሁ በላት!»

ቆመችና አንገቷን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ እልል አለች። ለሴት ልጅ ሦስት ጊዜ ነው። አንድ፤ አብዲ ከሐዲዱ ዳር አጨበጨበ። ሁለት፤ ሐሊማ አብራት እልል አለች። ሦስተኛው ሲመጣ ባቡሩ ተጠማዝዞ ከግራሮቹ ወዲያ ዞሯል፤ ግን ተሰማ።

ባለዘንቢሏ ሴት ወደ ጋሽ ሽብሩ ዞረች። «አባባ፣ ዘመድዎ ናቸው?»

ጋሽ ሽብሩ መልስ ፈለገ። ዘመድ አይደሉም። ጎረቤት እንዳይል፣ ሁለት ዓመት ጎረቤት አልነበረም።

«ለቅሶ የምንደራረስ ነን» አለ።

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ በላይ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም። ዘንቢሏን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ለጓዴ ቦታ ለቀቀችለት።

የእኔ ተረት እዚህ ጣቢያ ላይ ይወርዳል፤ ባቡሩ ወደ ድሬዳዋ ይቀጥላል።